አርባ ዩኒፎርምና አንድ ሩብ

ባሌን ተማሪዎቹ «ጋሽ ሩብ» ይሉታል። እነሱ ከኋላው ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ፊት ለፊቱ እለዋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሲያስተምር ያልተገባ ማርክ ለሰው ሰጥቶ አያውቅም፤ የተገባውንም ሲሰጥ ከሥጋው ላይ የሚቆርጡበት ይመስላል። መልሱ ትክክል ሆኖ መስመሩ በማስመሪያ ካልተሰመረ ሩብ ይቀንሳል። የእኩል ምልክቱ ከተንጋደደ ሩብ። አንድ ዓመት የገዛ እህቱን ልጅ በሩብ ጥሎት፣ እህቱ እስከ ቀጣዩ ዓመት ደጃፋችንን አልረገጠችም። «ፈተና ዘመድ የለውም» ብሎ አረፈው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መኖር ምን እንደሚመስል የኖረችበት ታውቀዋለች፤ ሻዩ ላይ ስኳር ካነሰ እንኳ የሚያየኝ ሩብ እንደሚቀንስብኝ አድርጎ ነው።

ክረምት ሲመጣ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል፤ ሲዘጋም ደመወዙን አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ በየዓመቱ ኮቱን አስተኩሶ የትርፍ ሰዓት ሥራ ፍለጋ ይወጣል። የዘንድሮውን ፍለጋ ሳስበው እስካሁን ያቅለሸልሸኛል።

መጀመሪያ የሄደው አንድ ቤት ልጅ ሊያስጠና ነበር። የልጁ እናት ሳሎን አላስገባችውም። ጫማውን አስወልቃ በጓሮ በር አስገባችውና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ከእርጥብ ፎጣ ክምር አጠገብ አስቀመጠችው። ልጁ ከስልኩ ላይ ዓይኑን ሳያነሳ «የመጣኸው የክረምት የቤት ሥራዬን ልትሠራልኝ ነው» አለው። ባሌ ቀልድ መስሎት እናትየውን ጠየቃት። «ታዲያ ለምን መሰለህ የምንከፍልህ?» አለችው። ልጇም እሷም «አንተ» ነው የሚሉት። ካልሲው በውሃ ርሶ ቤት ገባ፤ እኔ እያጠብኩ ተሳደብኩ።

ቀጥሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደ። «የሚጽፍ ምሁር ይፈለጋል» ይላል ማስታወቂያው። ለካስ ባለ ሱቁ ለተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፍ እያጻፈ የሚሸጥ ሰው ኖሯል። ለናሙና ብሎ አንድ ስድስት ጊዜ የተሸጠ ጽሑፍ አወጣለት፤ ስሙ ብቻ ነው የሚቀየረው። ርዕሱ «የመምህራን ሥነ ምግባር» ነበር። ባሌ ቤት ሲመጣ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ። «የገጹ ቅባት አልለቀኝ አለ» አለኝ።

ሦስተኛውን ሥራ ያገኘሁለት እኔ ነኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊተኛው ክፍላችን ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛና አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ ይዟል፤ ሰው ሲገባ ሌላው ሰው መውጣት አለበት። መተኮሻው ላይ ስምንት ዓመት አብራኝ የሠራች ሴት አለች። «ተኳሼ» ብዬ ስጠራት የማያውቀን ሰው ጠመንጃ የታጠቀች ይመስለዋል፤ የታጠቀችው ካውያ ነው። ባሏ ሞቶባት የቀረቻት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቱ አራተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ሰባ ልጅ በሚታጎርበት ክፍል፣ ለሦስት በአንድ መጽሐፍ እየተማረች፣ አንደኛ ትወጣለች። እናቷ ስለ ልጇ ማውራት ከጀመረች ካውያው ጨርቅ ላይ ይረሳል። ሁለት ሸሚዝ በዚህ ምክንያት አቃጥላብኛለች። አልተቆጣኋትም ብል ውሸት ነው።

ከመንገዱ ማዶ አዲስ የግል ትምህርት ቤት ተከፈተ። ፊቱ በሙሉ መስታወት ነው፤ አላፊ አግዳሚው ፀጉሩን የሚያስተካክልበት። ባለቤቱ «ችግር የለም» ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር የማይጨርስ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነው። ሰፈሩ «አቶ ችግር የለም» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እኔ ዘንድ የመጣው አርባ ዩኒፎርም ሊያሰፋ ነው፤ ለአዲስ ገቢ አምስተኛ ክፍል። ደስታዬን በሜትሬ ጠቅልዬ ይዤ፣ «ባለቤቴ መምህር ነው፤ ለክረምቱ ግማሽ ቀን የሚሠራ ሰው አይፈልጉም?» አልኩት።

«የመግቢያ ፈተና አራሚ እንፈልጋለን። ጠንቃቃ ነው?»

«ከጥንቃቄ በቀር ሌላ ነገር የለውም።»

«ችግር የለም። ይምጣ።»

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤቱ በር ላይ በወርቃማ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ወጣ። ለአምስተኛ ክፍል ያለው ቦታ አርባ ነው፤ መግባት የሚቻለው በፈተና ብቻ ነው፤ ከመቶ ዘጠናና ከዚያ በላይ ያመጣ ደግሞ እስከ አሥረኛ ክፍል በነፃ ይማራል። ተኳሼ ሄዳ አንብባው ስትመለስ መንገዱን እንዴት እንደተሻገረችው እንጃ።

«እትዬ፣ ዘጠና ይላል እኮ!»

«ዘጠና ቀላል መሰለሽ እንዴ?»

«ለልጄ ቀላል ነው። ዘጠና ካመጣች በነፃ ነው። ካላመጣች ግን እኔ እንኳን ለትምህርቱ ለበሩም አቅም የለኝ።»

የመፈተኛውን ከፍላ አስመዘገበቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካውያውን ሁለት ጊዜ ጨርቅ ላይ ረሳችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘልዬ አነሳሁት።

ፈተናው ቅዳሜ ነው። ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ የልኬት ዝርዝር አመጣችልኝ። አርባ ስም፤ ከእያንዳንዱ ስም ፊት ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት። ከላይ «አዲስ ገቢ፣ አምስተኛ ክፍል» ይላል። መጀመሪያ አልገባኝም። ሁለተኛ ሳነበው ገባኝ።

«ፈተናው እኮ ገና ቅዳሜ ነው» አልኳት።

«አዎ፣ ቅዳሜ ነው።»

«እነዚህ ታዲያ ከየት መጡ?»

ጸሐፊዋ ጥፍሯን እያየች፣ «እትዬ፣ እርስዎ ልብሱን ይስፉ» አለችኝ።

የሃምሳ ስምንት ወገብ በግምት አይጻፍም፤ ልጅ አቁሞ፣ እጁን አስነስቶ ነው የሚለካው። አንድ ሰው እነዚህን አርባ ልጆች አቁሞ ለክቷቸዋል። ቦታው አልቋል። ቅዳሜ የሚፈተኑት ልጆች አጃቢ ናቸው፤ ከፍለው የሚያጅቡ። ግን ነገሩ ያስጠላኝን ያህል ሥራውን አልጠላሁትም። ስፌቱ የኔ ነው፣ የባሌም ሥራ በዚሁ ስፌት የተገኘ ነው፣ የቤት ኪራዩ ደግሞ ክረምት ነው ብሎ አያርፍም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኩ። ዝርዝሩን መርፌና ክር የማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ፣ ከቁልፎቹ ሥር ከተትኩት። ሌላ ጊዜ ልብሱ ላይ የልጁን ስም በወረቀት ጽፌ በመርፌ እሰካለሁ፤ አሁን ግን ተኳሼ ስም እንዳታይ በጠመኔ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር አደረግኩ። ይህን ሳደርግ ቁጥሩ እንኳ አልተንጋደደብኝም። የሚያስጠላኝ እሱ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ተኳሼ ፈቃድ ጠይቃ ልጇን ይዛ ሄደች። ልጅቱ አራት እርሳስ ቀርጻ በላስቲክ አስራ ይዛለች። በሩ ላይ ቆሜ «ይቅናት» አልኩ። አልኩ እንግዲህ።

ባሌ ከሰኞ ጀምሮ እርማቱን ያዘ። ከምሳ በኋላ ገብቶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ አዲስ ቀለም በሚሸት የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ያርማል። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ወረቀት፣ ስም የለው፣ ቁጥር ብቻ። «ስም የሌለው ወረቀት!» ይለኛል እየመጣ። «ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ የእህት ልጅ የለ!» በገዛ ገንዘቡ አዲስ ቀይ እስክሪብቶ ገዛ። በክረምት እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ደስታውም ቅጥል አደረገኝ። የጥያቄ ስምንትን አስተራረም ሲያብራራልኝ «ተወኝ እባክህ፣ ማን ሊያየው!» የሚለው ቃል አፌ ድረስ ይመጣና እውጠዋለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ መቀሱን እስላለሁ፣ ጨርቁን እቆርጣለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ገባ።

«ዛሬ አንድ ወረቀት አረምኩ» አለ። «ልጁ አልሸመደደም። አስቦ ነው የሠራው። ያላስተማሩትን መንገድ ራሱ ፈጥሮ ሄዷል። ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ አምስት!»

«ለዘጠና ሩብ ጎደለው?»

«ሩብ።»

«በምን ምክንያት?»

«ጥያቄው የግቢው ዙሪያ ስንት ነው ይላል። ሠላሳ ስምንት ሜትር ነው። ልጁ ሠላሳ ስምንት ብሎ ዝም አለ።»

«ታዲያ ልክ አይደል እንዴ?»

«ሠላሳ ስምንት ምን? ክንድ ነው? ስንዝር ነው?»

«እኔ ለሰው ወገብ ሃምሳ ስምንት ስል ማን መጥቶ ክንድ ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል? ስጠው በናትህ!»

«አንቺ ቀሚስ ነው የምትሰፊ። እኔ ፈተና ነው የማርም።»

ሳቅኩበት። ጋሽ ሩብ አልኩትና ሻይ ቀዳሁለት። ወረቀቱ የማን ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። ደግሞም ማርኩ ምን ዋጋ አለው የምል ሰው ነበርኩ።

ውጤቱ በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት ተለጠፈ። የተቀበሏቸው አርባ ልጆች በስም፣ የተፈታኞቹ ማርክ ደግሞ በሌላ ወረቀት በቁጥር፤ ማን ስንት አምጥቶ እንደገባ ማንም እንዳያስተያይ። እኔና ባሌ ፊተኛው ክፍል ሻይ እየጠጣን ሳለ ተኳሼ የመፈተኛ ካርዱን እንደያዘች ገባች። አላለቀሰችም። ግራ የገባት ነው የምትመስለው።

«ጋሼ፣ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ አምስት ይላል። እንግዲህ ለዘጠና የጎደላት ምን ያህል ናት?»

የባሌ ስኒ አየር ላይ ቀረ።

«ቁጥሯ ስንት ነው?»

«ሁለት መቶ ሰባት።»

ስኒውን አስቀመጠው። «ሩብ ነው የጎደላት» አላት። «አንድ ቃል ረስታ ነው።»

«ምን ቃል?»

«ሜትር።»

ተኳሼ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር አየችው። ካውያዋን ሰካችና ቁጥር አሥራ ሰባትን አንስታ መተኮስ ጀመረች።

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። መሳቢያውን ከፍቼ ዝርዝሩን ከቁልፎቹ ሥር አወጣሁና ባሌን ወደ ጓዳ ጠርቼ ሰጠሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄኔ ነው።

«ይሄ መቼ መጣ?»

«ሰኞ።»

«ከፈተናው በኋላ?»

«በፊት።»

እንደ ፈተና ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከዚያ እኔን አየኝ። በትዳር ዘመናችን ሩብ ሲቀንስብኝ ኖሯል፤ ያን ቀን ግን ምንም የተረፈኝ አልመሰለኝም። አልጮኸም። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ተከተልኩት።

የትምህርት ቤቱን ኮሪደር ቀለም እየቀቡት ነበር። ወለሉ እንዳይበላሽ ከዳር እስከ ዳር ወረቀት አንጥፈውበታል። ባሌ ሁለት እርምጃ ሄደና አንድ እግሩን እንዳነሳ ቆመ። እኔም ወደ ታች አየሁ። ቀይ ምልክት፣ ቀይ ቁጥር፣ ቀይ ሩብ፣ በሱ ጥቃቅን ፊደል የተጻፈ «መልሱን አስምር»፣ «አሳጥረህ ሥራ»፣ «ጎበዝ»። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጅ ላቡን ያንጠፈጠፈበት ወረቀት በነጭ ቀለምና በጫማ ተለውሷል። አንዱ ቀለም ቀቢ ብሩሹን የሚጠርገውም በሱ ነው።

አቶ ችግር የለም ከቢሮው ወጣ። መጀመሪያ ሽቶው፣ ቀጥሎ እሱ።

«መምህር! ምነው፣ ችግር አለ?»

ባሌ ዝርዝሩን ዘረጋለት። ሰውየው አየት አድርጎ መለሰለት፤ ፊቱ ላይ የኀፍረት ነገር ብፈልግ አጣሁ።

«መምህር፣ ሳይፈተኑ የሚገቡበት ትምህርት ቤት ማን ልጁን ያመጣል? ፈተናው ለስማችን ነው። ሁሉም ቤት እንዲህ ነው፣ ችግር የለም።»

«ሁለት መቶ ሰባት ቁጥርስ? ዘጠና ያመጣ በነፃ ይማራል ብላችሁ ጽፋችኋል።»

«ጽፈናል። ከአርባው ሌላ አንድ ቦታ ለይቼ አስቀምጬ ነበር፣ እውነቴን ነው። የደሃ ልጅ በነፃ አስተማርን ብንል ለኛም ጥሩ ነበር። ግን ማን ዘጠና አመጣ? ሩቧን የቆረጧት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«አስተካክላለሁ። መልሷ ልክ ነው።»

«ከፈረሙ በኋላ? ከተለጠፈ በኋላ?» የባሌን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ማርክ የሚቀይር መምህር ምን እንደሚባል እርስዎ ያውቁታል። እርስዎን የመረጥነው እኮ ለዚህ ነው። ጋሽ ሩብ አረመው ከተባለ የሚከራከር ወላጅ የለም።»

በዚያ ሁሉ አጭበርባሪ መሃል በእውነተኛ ሚዛን የተመዘነች አንዲት ልጅ ነበረች፤ የወደቀችውም እሷው ነች። ባሌ የኮቱን ጫፍ ሰብስቦ ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ቁጥር ማንበብ ጀመረ። ቀለም ቀቢዎቹ ሥራቸውን አቁመው ያዩታል። አቶ ችግር የለም «ኧረ መምህር፣ ልብስዎ!» ሲል፣ ነገር እንዳያበዛበት ብዬ እኔም ተንበረከክኩ። እጄ በቀለም ተጣበቀ። ሁለት መቶ ሰባትን የመሰላሉ እግር ሥር አገኘናት፤ ቀለም ቀቢው መሰላሉን አነሳልን። ግማሿን ነጭ ቀለም በልቷታል። «38» የምትለዋ ግን ትታያለች፣ ከጎኗም የባሌ ቀይ ሩብ።

ቤት ስንደርስ ተኳሼ ቁጥር ሠላሳ ዘጠኝን ተኩሳ እያንጠለጠለች ነው። ባሌ የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘረጋ፤ ሰማንያ ዘጠኝ ነጥብ ሰባ አምስትን ሰርዞ ዘጠና ጻፈና ፈረመበት። በሃያ ሁለት ዓመት የሻረው አንድ ማርክ ይህ ነው፤ ለማንም የማይጠቅም ማርክ።

«ልጅሽ ያመጣችው ዘጠና ነው» አላት። «የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ብሏል ብለሽ ንገሪያት።»

ተኳሼ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችው። ያልደረቀው ቀለም እንዳይነካ በጫፉ ይዛ አየችው። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለችው። ባሌ ወደ ጓዳ ገባ፤ ውሃ ሲከፍትና እጁን ሲታጠብ ይሰማኛል፤ ደግሞ ሲከፍት፣ ደግሞ ሲከፍት።

እኔና እሷ ቀረን። ሠላሳ ዘጠኝ ዩኒፎርም ተንጠልጥሎ ያየኛል።

«ስማቸው ቀድሞ መጥቶልኝ ነበር» አልኳት። «ከፈተናው በፊት። ደብቄሽ ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሐሙስ ዕለት ክር ሳወጣ ከቁልፎቹ ሥር አየሁት። አንብቤዋለሁ።»

«አንብበሽ ነው የላክሻት?»

ካውያውን ነቅላ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ላስቀራት ብዬ ነበር። ኋላ ግን ‹እትዬ ያውቃሉ፤ ክፉ ነገር ቢሆን ለኔ ሳይነግሩኝ አይቀሩም› አልኩ። ቅዳሜም በሩ ላይ ቆመው ይቅናት አሉኝ። እንግዲህ ደህና ነው ብዬ ወሰድኳት።»

ወረቀቷን አንስታ፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ቀሚስ በአገጯ አሳየችኝ።

«ቁጥር አርባ ናት። ይቺን እርስዎ ይተኩሷት።»

ወጣች። በሩን እንኳ ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ካውያው ገና ትኩስ ነበር። ቁጥር አርባን አንስቼ ተኮስኳት።